የሐቦባ ቶብ እና የሞተሩ መተንፈሻ

አሶሳ ውስጥ ከተከራየኋቸው ቤቶች ረዘም ላለ ጊዜ በኖርኩበት ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ አንድ የእንግሊዝ ሥራ የሆነ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይቆም ነበር። ጥቁር ነው። የነዳጅ ታንከሩ ጎንና ጎን፣ የነጂው ጉልበት በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀለሙ ተፈግፍጎ አልቆ ብረቱ ያበራል። ሲነሳ እንደ ዘመኑ የህንድ ሞተሮች አይንጫጫም፤ ሙቀጫ የሚወቅጥ ሰው ይመስል ረጋ ብሎ ይመታል። በከተማው ውስጥ ወንድም እንዳለው አላየሁም።

ግቢው የሁለት አዛውንት በርታዎች ነው። ባልየውን ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሚስትየውን ሰፈሩ የሚጠራቸው ሐቦባ እያለ ነው፤ በሱዳን አረብኛ አያት ማለት ነው። እኔ የጓሮውን ክፍል ይዤ፣ ዜና ሲኖር ወደ ቶንጎ ወይም ወደ ኩርሙክ እወጣለሁ፤ በማይኖርበት ቀን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ስለዚህ ያየሁት ብዙውን ከዚያች በረንዳ ነው።

ሞተሩን የሚነዱት ሐጂ ናቸው። ባለቤቱ ግን ሐቦባ ናቸው። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። አባታቸው ኩርሙክ ላይ ከሱዳን ጋር የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ሞተሩን ከድንበሩ ወዲያ ገዝተው አመጡት፤ ኋላ ልጃቸውን ሲድሩ አብረው ሰጡ። ስለዚህ በዚያ ቤት ደንብ የሞተሩ ጉዳይ የሚያልቀው በሐቦባ ቃል ነው። ሐጂ ይህን ለመናገር አይከብዳቸውም።

«እኔ ሹፌር ነው» ይላሉ በተሰባበረ አማርኛቸው።

ባምባሲ ገበያ በሚውልበት ቀን ሁለቱም ይሄዱ ነበር። ሐጂ ከፊት፣ ሐቦባ ከኋላ፣ ሁለት እግራቸውን ወደ ግራ ጥለው፣ ቶባቸውን በክንዳቸው ሥር ሸክፈው። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው የሚጠቀለሉበት ረዥም ስስ ጨርቅ ነው፤ አሶሳም ቤቱ ነው። ገበያው ሰበብ ነው፤ ይዘውት የሚመለሱት ዕቃ ጥቂት ነው። ሐቦባ እዚያ እህት አሏቸው። የሐጂን ምክንያት ደግሞ ራሳቸው ነግረውኛል። ግቢው በልጅና በልጅ ልጅ ተሞልቷል፤ ሚስታቸውን ብቻቸውን የሚያገኙት መንገድ ላይ ነው። ምን እንደሚያወሩ ጠየቅኳቸው።

«ምንም። እሷ ያወራል፣ እኔ በነፋሱ አይሰማም። ግን ያወራል።»

እኔ በገባሁበት ዓመት ይህ ጉዞ ሊቀር ተቃርቦ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ባምባሲ በተደረገ የጎረቤት ልጅ ኒካ፣ የጋብቻ ድግስ ላይ ነው። ሐቦባ ከሞተሩ ወርደው ወደ ሴቶቹ ዳስ ሲገቡ ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ። ነጩ ቶባቸው ከወገባቸው አንስቶ እስከ ጫፉ ጥቁር ዘይት ጠጥቷል። አንዷ ሴት «ሐቦባ፣ ሐጂ ጠብሶ ነው ወይ ያመጣሽ?» አለች። ሐቦባ በሞተር ሄደው በሚኒባስ ተመለሱ።

ማታውኑ ቃላቸውን ተናገሩ። ከእንግዲህ ሞተሩ ላይ አይወጡም፤ የማይወጡበትን ሞተር ደግሞ ግቢያቸው አያስቀምጡም። ከአዲስ አበባ አሮጌ ሞተሮችን የሚሰበስብ አንድ ሰው በትልቁ ልጃቸው በኩል እንዲሸጡለት ሲጠይቅ ቆይቶ ነበር። «ይምጣ» አሉ። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ አባታቸው በዚያ ዕድሜ ሞተር መንዳታቸው ሲያስጨንቃቸው ኖሯል።

ሐጂ አልተከራከሩም። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው እስኪመጣ ድረስ ሞተሩ ይጠገን። የሐቦባ እህት የልጅ ልጅ ስም ማውጫ ድግስ ባምባሲ ላይ ሊደረግ ተቃርቦ ነበር። ሐቦባ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ።

«ለድግሱ እወጣለሁ። ቶብ ላይ ዘይት ካልነካ፣ እናያለን። ከነካ ኸላስ፣ አለቀ።»

መካኒኩ ወሎየ ነው። በሰፈራው ዘመን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። መሣሪያውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣና ሥራውን የጀመረው እንደማንኛውም መካኒክ ነው፤ ዘይት ያየበትን መጋጠሚያ ሁሉ ፈትቶ የማሸጊያውን ጋስኬት ለወጠ፣ በላዩ ሲሊኮን ለጠፈ። ከላይ ሲዘጋው ዘይቱ ከሥር ወጣ። ከሥር ሲዘጋው በጎን ወጣ።

«ሐጂ፣ ይህ ሞተር ነገረኛ ነው» አለ። «በአንዱ በር ሲከለከል በሌላው ይዞርብዎታል።»

«ሚስቴም እንደሱ ነው» አሉ ሐጂ።

ሐቦባ ከወጥ ቤቱ በር በበርትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሐጂ አልተረጎሙልንም።

እኔ ስለ ሞተር የማውቀው፣ ለሥራ ስዞር መንገድ ላይ የቆሙብኝን ያህል ነው። ግን በሙያዬ አንድ ልማድ አለኝ፤ «ምን ሆነ?» ከማለት በፊት «መቼ ጀመረ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሐጂን ጠየቅኳቸው። ድሮም ያንጠባጥብ እንደነበር ነገሩኝ። ከየት? ከአንድ ቦታ ብቻ፤ ከሰንሰለቱ በላይ ካለች ጎማ ቱቦ ጫፍ፣ ጠብ፣ ጠብ። እሷ የሐቦባን ቶብ ጫፍ ትነካ ነበር፤ ትንሽ፣ እንደ ምስር ፍሬ። አሁንስ ከዚያች ቱቦ ይወጣል? አይወጣም። መቼ ቆመ? ከኒካው ትንሽ ቀደም ብሎ። እንዴት ቆመ?

ሐጂ ወደ ማንጎው ቅጠል ቀና አሉ።

«ዘጋሁት።»

መካኒኩ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «በምን?»

«በሽመል።»

ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው። አሶሳ ውስጥ አጥሩም አልጋውም የጣሪያው ማገርም እሱ ነው፤ የሚያፈስ ጀሪካን እንኳ የሚወተፈው በሽመል ነው። ሐጂ በቢላ ጠርበው፣ በዘይት አርሰው፣ የቱቦዋ አፍ ውስጥ በመዶሻ መትተው አስገብተውታል። ከዚያ ቱቦዋን ወደ ላይ አጥፈው ከመቀመጫው ሥር ሸጉጠዋታል። መካኒኩ ስንት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ያላያት ለዚህ ነው። በጉጠት ይዞ ሲስበው ውታፉ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጮኾ ወጣ። እጁ ላይ አገላበጠው። ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነበር።

«የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ምን ይደረጋል?» አሉ ሐጂ። «ይዘጋል።»

«ሐጂ፣ ይሄ ቧንቧ አይደለም። አፍንጫ ነው።» መካኒኩ ቁጭ አለ። «ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ይቺ ናት። ሲዘጉባት አየሩ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው ስንጥቅ ይወጣል። የእርስዎን አፍንጫ በሽመል ወትፈን ዳገት እናስወጣዎት?»

«አፍ አለኝ።»

«እሱም አፍ አለው፤ ሐቦባ ላይ ነው የተፋው!» ከዚያ ያባከነው ሲሊኮን ትዝ አለው መሰለኝ ፊቱ ጠቆረ። «ያን ሁሉ ስቀባ ቆመው ያዩኝ ነበር፣ አንድ ቃል አይሉም?»

«አልጠየቅከኝም» አሉ ሐጂ።

እውነት ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልተጠየቀም። በሥራዬ ካየኋቸው ስህተቶች የሚበዙት እንዲህ ዓይነት ናቸው።

ውታፉ ሲወጣ ሞተሩ በየመጋጠሚያው ማላቡን ተወ። ቀሪው ጥያቄ የቱቦዋ ጉዞ ነው። መተንፈሻው የሚያወጣው ንጹሕ አየር አይደለም፤ የዘይት ጉም ይዞ ይወጣል። ፋብሪካው ቱቦዋን በግራ በኩል አውርዶ ሰንሰለቱ ላይ ያበቃት ሆን ብሎ ነው፤ ጉሙ ሰንሰለቱን እንዲያርስለት። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን እንግሊዙ ሲያስብ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ሱሪ ለብሶ፣ አንፈራጦ ነው። ሐቦባ የሚቀመጡት ሁለት እግራቸውን በግራ በኩል አድርገው ነው። የቶባቸው ጫፍ የሚውለበለበው ልክ ቱቦዋ አፍ ላይ ነው።

ስለዚህ ቱቦው ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት። መጀመሪያ የሞከርነው አልሆነም። መካኒኩ ግንበኞች ውኃ ልክ የሚይዙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ አመጣ። ሐጂ ደግሞ ሥራ እንዲያምር ይፈልጋሉ፤ ቱቦው እንዳይታይ በሻንሲው ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ዝቅ አድርገው በሽቦ እያሰሩ እስከ ኋላ ወሰዱት። ያምር ነበር።

ሐጂ ሞተሩን በየቀኑ የሚነዱት እስከ መስጊድ ነው። ኢንጂኑ ሳይሞቅ ይደርሳሉ፣ ሳይሞቅ ይመለሳሉ። ያልሞቀ ኢንጂን እንፋሎት ያጠራቅማል፤ እንፋሎቱ ከዘይቱ ጋር ይለወሳል። ጥቂት ቀን ቆይተን ስናይ ቱቦው ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ወተት የመሰለ ወፍራም ዝቃጭ ተኝቶበታል። ትንሽ ወደ ኋላ ደግሞ የጭስ ማውጫው ሙቀት ፕላስቲኩን አለስልሶት ተጣብቋል። በአንድ ቱቦ ሁለት ውታፍ አገኘን። በዚያ ቀን ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ የጀለቢያቸው ቀኝ ጎን በዘይት ተነክሮ ነበር።

ሐቦባ ከበረንዳቸው ሆነው አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ለትልቁ ልጃቸው ደወሉ። ንግግሩ በበርትኛ ስለነበር የያዝኩት ጥቂት ነው፤ «አዲስ አበባ» የሚለውን ግን ሰማሁ። ሐጂም ሰሙ። ጀለቢያቸውን ሳይቀይሩ ወደ መካኒኩ ቤት ሄዱ።

መካኒኩ በማግሥቱ ሌላ ቱቦ ይዞ መጣ። ወርቅ አጣቢዎች ለውኃ ፓምፖቻቸው የሚገዙት ጥቁር ወፍራም ጎማ ነው፤ ውስጡ ክር አለው፣ ሙቀት ይችላል፣ ሲታጠፍ አይጨፈለቅም። በአሶሳ ሱቆች ከስኳር እኩል ይገኛል። በወንዶቹ መካከል ክርክር ተነሳ። ሐጂ አሁንም እንዳይታይ ይፈልጋሉ። መካኒኩ ከኢንጂኑ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ላይ ይውጣ ባይ ነው። «ወደ ላይ የወጣ ዘይት ተመልሶ ወደ ቤቱ ይፈሳል፤ አየሩ ብቻ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይውረድ። መሐል ላይ ዝቅ ካለ ኩሬ ነው።»

«ከመቀመጫው በስተጀርባ የት ነው የሚሄደው?» አልኩ። «እሳቸው እዚያ ናቸው።»

ሐቦባ በትክክል የት እንደሚቀመጡ፣ ቶባቸው እስከ የት እንደሚደርስ ማናችንም አናውቅም። ሐጂ ያን ሁሉ ዓመት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የነዱት።

ሄደው ጠሯቸው። ሐቦባ የሚቦካ ዱቄት በእጃቸው እንዳለ መጡ።

«ምንድነው?»

«ተቀመጪ» አሉ ሐጂ።

«አልወጣም ብያለሁ።»

«ቆሟል እኮ። አይሄድም።»

ሐቦባ እኔን አዩኝ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ይጠራሉ። «አንቺ ጋዜጠኛ፣ ይሄ ነገር ሬዲዮ ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም፣ ሐቦባ።»

ወጡ። ሁለት እግራቸውን በግራ በኩል አድርገው፣ ዱቄት ያለበትን እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሦስት ወንዶች መሬት ላይ ተንበርክከን ከሥር ስናይ የልጅ ልጆቹ ከበቡን።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉ ሐቦባ።

«አንቺ» አሉ ሐጂ ከሥር።

ቶቡ በግራ በኩል ከሰንሰለቱ በታች ይወርዳል። በቀኝ በኩል ግን ከመቀመጫው ጠርዝ አያልፍም፤ ሐቦባ ትርፉን ሸክፈው የሚይዙት በቀኝ ክንዳቸው ነው። መንገዱ በዚህ ታወቀ። ቱቦው ከኢንጂኑ ተነስቶ ከዘይት ታንከሩ ጀርባ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ የታንከሩን መተንፈሻ በሦስት መንገድ መገጣጠሚያ ይቀበላል፤ ከመቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ያልፍና በኋላው ጎማ መከለያ፣ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ እየሄደ ከኋላ መብራቱ ሥር ወደ ታች ይታጠፋል። ጫፉ ከጎማው ውጭ፣ ከታርጋው በታች ያበቃል። ጎማው ላይ ከተንጠባጠበ ያንሸራትታል። የሚያስረው ሽቦ ስላልታመነ መካኒኩ በቡሎን በሚጠብቅ የብረት መቀነት፣ በፋሸታ አሰረው። በግልጽ ይታያል። አያምርም።

«የአህያ ጅራት ይመስላል» አሉ ሐጂ።

«አህያዋ ትተንፍስልዎ እንጂ» አለ መካኒኩ።

ለሙከራ ሐጂ ነጭ ጨርቅ ከመቀመጫው ላይ በግራ በኩል አንጠልጥለው፣ ኢንጂኑ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ነድተው ተመለሱ። ጨርቁን ለሐቦባ ሰጧቸው። ሐቦባ ወደ ፀሐይ ወስደው አገላበጡትና አጣጥፈው ይዘውት ገቡ።

የድግሱ ቀን እኔም ባምባሲ ሥራ ስለነበረኝ በሚኒባስ ከኋላቸው ሄድኩ። ሐቦባ የለበሱት ነጭ ነበር። ሌላ ቀለም ያለው ቶብ እንደነበራቸው አውቃለሁ። ኬላው ላይ ደረስንባቸው፤ ጠባቂው ሞተሩን እየዞረ ያያል።

«አባባ፣ ይሄን ከየት ሙዚየም አወጡት?»

«ሙዚየሙ እኔ ነው» አሉ ሐጂ።

ከዚያ በኋላ ረዥም መንገድ ከፊታችን ሲሄዱ አየኋቸው። የሐቦባ ራስ ወደ ሐጂ ጆሮ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ያወሩ ነበር። ሐጂ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መስማታቸውን እጠራጠራለሁ።

ባምባሲ ሲደርሱ ሐቦባ ከድግሱ ቤት ደጃፍ ላይ ወረዱ። ዳሱ ውስጥ የኒካው ለት የሳቁት ሴቶች ነበሩ። ሐቦባ ወዲያው አልገቡም። ጀርባቸውን ለዳሱ ሰጥተው ጎንበስ አሉና ጫማቸውን ማስተካከል ያዙ። ጫማው ክፍት ነጠላ ነበር፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደባቸው። የቶቡ ጀርባ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር፤ ጫፉ ላይ ከመንገዱ ቀይ አፈር በቀር ምንም የለበትም። ከዳሱ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀና ብለው ገቡ።

ተመልሰው የመጡት በሞተሩ ነው። ስለ ሽያጩ ግን ምንም አልተናገሩም። ሐጂም አልጠየቁም። ከገዢው ሰው ጋር የተያዘው ቀጠሮ እንዳለ ነበር፤ ትልቁ ልጅ በየማታው ይመጣና የሞተሩን ዙሪያ አይቶ ይሄዳል። ሐጂ በእነዚያ ቀናት መስጊድ የሚሄዱት በእግራቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልለምድ ነው» አሉ።

ሰውየው መጣ። ትሑት፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ዕውቀት ያለው ሰው ነው። ሞተሩን በየወገኑ ፎቶ አነሳ፤ የተሠራበትን ዘመን ከኢንጂኑ ቁጥር ተነስቶ ነገረን፤ ትክክለኛ መብራት፣ ትክክለኛ ታንከር መሆኑን መሰከረ። ከኋላ ሲደርስ ቆመ። ቱቦውን በጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፉ ወረደ።

«ይሄ የፓምፕ ቱቦ ነው?»

«የወርቅ አጣቢ ነው» አልኩት።

«ችግር የለም። አውጥቼ እንደ ፋብሪካው እመልሰዋለሁ።»

ሐቦባ እኔን አዩኝ። «እንደ ፋብሪካ የቱ ነው?»

«በግራ በኩል፣ ሰንሰለቱ ላይ የነበረው» አልኳቸው።

ወደ ሰውየው ዞሩ። «ታዲያ ሚስትሽ የት ይቀመጣል?»

ሰውየው ፈገግ አለ። «እማማ፣ ማንም አይቀመጥበትም። አልነዳውም። ሳሎን ነው የማቆመው።»

«ሳሎን?»

«አዎ። እንዲታይ።»

ሐቦባ ይህን ለሐጂ በበርትኛ ነገሯቸው፤ ሐጂ ግን አማርኛውን ሰምተውታል። ማንጎው ሥር እንደተቀመጡ መሬቱን በዱላቸው ይጭራሉ። ሰውየው ቱቦውን በነካበት ጣቱ ላይ ዘይት ነበረ፤ መጥረጊያ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ሐቦባ አዩት። ገብተው ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ የሚጠቀሙበትን የኢብሪቅ ማንቆርቆሪያ ውኃ ሞልተው ሳሙና ይዘው ወጡ፤ ራሳቸው አስታጠቡት። እየቀዱለት ነው የነገሩት።

«አይሸጥም። ብዪ፣ መንገድ ሩቅ ነው።»

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበለት። በላ፤ አመስግኖ ሄደ። ትልቁ ልጅ ከእናቱ ጋር በር ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ፤ ሐቦባ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱለት፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። ሐጂ ከተቀመጡበት አልተነሱም። የሰውየው መኪና ከሄደ በኋላ ግን አቧራ የሌለበትን መቀመጫ በጀለቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉ አየኋቸው።

በሚቀጥለው የባምባሲ ገበያ ማለዳ ሐጂ ሞተሩን አስነስተው በሩ ላይ ጠበቋቸው። ሐቦባ ቶባቸውን ሸክፈው ወጡ። ከመቀመጣቸው በፊት ወደ ኋላ ዞረው ጎንበስ አሉ፤ የቱቦውን ጫፍ በሌባ ጣታቸው ነክተው አዩ። ጥቁር ነበር። ጣታቸውን በሐጂ ጀለቢያ ጀርባ ላይ ጠረጉና ወጥተው ተቀመጡ።